ክር፣ ዶቃና ጨርቅ በጋራ በጅምላ መግዛት፦ ከጅማ ሆኖ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

አንድ ጊዜ ለአንዲት ሙሽራ የጠረጴዛ ልብስ ከነስድስት የወንበር ልብሱ በዳንቴል ስሠራ መሃል ላይ ክር አለቀብኝ። ሄጄ ገዛሁ። ፋብሪካው ያው፣ የቀለም ቁጥሩ ያው፤ ሻጩም «ያው ነው እህቴ፣ ምንም ለውጥ የለውም» አለኝ። ማታ በአምፖል ሳየው እውነትም ለውጥ የለውም። ጠዋት በረንዳ ላይ አውጥቼ ሳነጥፈው ግን ከመሃል ጀምሮ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሰው ሆን ብሎ በመስመር የከፈለው ነው የሚመስለው። ፈታሁት። የ11 ቀን ሥራ ነበር።

በጋራ መግዛትን የምር ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በጅምላ መግዛት ሲባል የሚታየው የዋጋው ቅናሽ ብቻ ነው። ቅናሹ አለ፣ አልክድም። ለእኛ ለእጅ ሥራ ሰዎች ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ክር የሚነከረው በዙር በዙር ነው፤ አንዱ ዙር ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ ለዚህ ነው ደህና ክር ላይ ከቀለም ቁጥሩ ሌላ የሎት ቁጥር የሚጻፈው። ከአንድ ካርቶን የወጣ ክር በ10 ሴቶች ቤት ካለ፣ የጎደለብኝን ከጎረቤቴ እበደራለሁ። ሱቅ ውስጥ ያንን ሎት ድጋሚ የማግኘት ዕድሌ ግን በጣም ጠባብ ነው።

ስለዚህ የመግዣ መንገዶቹን ሳወዳድር የምጠይቀው መጀመሪያ «ስንት ይቀንሳል?» ብዬ አይደለም። «ገንዘቡ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት ዕቃውን የሚያይልን ሰው አለ ወይ?» ነው ጥያቄዬ። ይህን ያዙልኝና እንቀጥል።

አሁን 14 ነን። ጥልፍ የምንጠልፍ፣ ዳንቴል የምንሠራ፣ ሹራብ የሚሠሩ፣ ሁለት ደግሞ ዶቃ የሚሠሩ አሉ። አራት መንገድ ሞክረናል። አራቱም የሚሆኑበት ቦታ አላቸው።

በጋራ ባትገዙት የሚሻል ዕቃ

ሁሉም ነገር በጋራ አይገዛም። ለስፌት የሚሆን አክርማና ስንደዶ ከሩቅ አታስመጡ። እዚሁ ገበያ በእጅ ዳብሶ፣ ጎንበስ አድርጎ፣ ይሰበራል ወይስ ይታጠፋል ብሎ አይቶ መግዛት ነው። ኪሮሽም እንደዚያው፤ የእያንዳንዷ እጅ የለመደው ሌላ ነው፤ አንዷ 2 ሚሊ ሜትር ትላለች፣ ሌላዋ ያለ 3 ተኩል አትሠራም። መቀስ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ይቆያል። እነዚህን ለየራስ ተዉአቸው።

እኛ ጋ ያለው ደንብ ቀላል ነው፤ አንድን ዕቃ ቢያንስ አራት ሰው ካልፈለገው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይህ ደንብ ሳይኖር በፊት ዝርዝራችን ሦስት ገጽ ነበር፤ ለገበያ የሄዱት ልጆች ዓይን አዋጅ ሆኖባቸው ዋናውን ነጭ ክር ረስተው መጡ።

አንደኛው መንገድ፦ አደራ

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይገኝና «እግረ መንገድሽን ይቺን አምጪልኝ» ይባላል። ሁላችንም የጀመርነው በዚህ ነው። የመጓጓዣ ወጪ የለውም፣ ስብሰባ የለውም፣ ሒሳብም የለውም።

ለአንድ ደርዘን መርፌ ጥሩ ነው። ለጅምላ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱ ደግሞ የሰውየው ታማኝነት አይደለም። አደራ የተቀበለ ሰው ውለታ እየዋለ ስለሆነ ልትወቅሱት አትችሉም። የራሱን ጉዳይ ጨርሶ፣ ደክሞት፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ገብቶ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ቀለሙ ቢሳሳት አመስግናችሁ ትቀበላላችሁ። እኔ ከአንዲት በጣም ከምወዳት ዘመዴ ጋር በዚህ ምክንያት ለወራት ቅር ተሰኝተን ነበር። አረንጓዴ ብዬ የላክኋት ሌላ፣ እሷ የሰማችው ሌላ። የአራት ሰው ብር የያዘ አደራ ደግሞ ቅሬታውም በአራት ይባዛል። ሁለት ነገር ብቻ ለማስመጣት ካልሆነ አልመክርም።

ሁለተኛው፦ የራስን ሰው መላክ

ለእኔ ከአራቱ የሚበልጠው ይሄ ነው። ግን ስሌቱ ሲወጣ ብቻ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰኮሩ፣ በግቤ በረሃ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ ማለት ነው። በአውቶቡስ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ጉዞው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያሳድራል፤ አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን መገበያያ፣ አንድ ቀን መመለሻ። አንድ ሰው አትላኩ። ሁለት ሁኑ። አንዷ ስትከራከር ሌላዋ ዕቃ ትጠብቃለች፤ አንዷ ቀለም ስታይ ሌላዋ ትጽፋለች። መርካቶ ውስጥ (የአዲስ አበባውን ማለቴ ነው፣ የእኛም ጅማ መርካቶ አለና) ጆንያ ይዞ ብቻውን የቆመ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ጆንያው ላይ ነው፤ ክሩን አያይም።

አሁን ስሌቱን እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ናቸው እንጂ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም። ጅማ በችርቻሮ 100 ብር የሚሸጠው ክር አዲስ አበባ በጅምላ 75 ብር ነው እንበል። የሁለት ሰው ትኬት፣ አልጋና ምግብ 5,040 ብር ወጣ። ሦስት ማዳበሪያ ዕቃ ለመጫን ደግሞ በማዳበሪያ 300፣ ጠቅላላ 900 ብር። ወጪው በድምሩ 5,940 ነው።

የ42,000 ብር ዕቃ ከገዛችሁ፣ ያው ዕቃ ጅማ 56,000 ያወጣ ነበር። 14,000 ቀነሰላችሁ፤ ወጪውን ስትቀንሱ 8,060 ብር ይተርፋል። ለ14 ሴት በጣም ጥሩ ነው። የገዛችሁት ግን የ15,000 ብር ዕቃ ብቻ ከሆነስ? ጅማ 20,000 ያወጣ ነበር፤ ቅናሹ 5,000 ነው። ጭነቱ አንድ ማዳበሪያ ብቻ ሆኖ 300 ብር ቢከፈል እንኳ ወጪው 5,340 ይሆናል። ሁለት ሴቶች ሦስት ቀን ተንገላተው 340 ብር ኪሳራ ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመንገዱ በፊት ይህችን ሒሳብ በወረቀት አውጡ። የተሰበሰበው ብር ትንሽ ከሆነ ጉዞው ይቅር፤ ወይ ሌላ ሰው እስኪጨመር ይጠበቅ፣ ወይ ወደ ሦስተኛው መንገድ እለፉ።

የሚሄዱት ምን ያዩ? ይህን ትንሽ ላብራራው፤ ብር የሚያድነው እዚህ ላይ ነው።

ክር ሲሆን ቀለሙን ሱቅ ውስጥ አትዩት፤ በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። የሎት ቁጥሩን ከእያንዳንዱ ፓኮ አንብቡ። አንዳንዴ አንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት ሎት ተቀላቅሎ ይገኛል። የጥልፍ ክር ከሆነ ርዝመቱን ጠይቁ። ዲኤምሲ የሚባለው የታወቀ ፋብሪካ ቱባ 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ሆኖ የተገመደ፣ በሳጥን 12 ቱባ። እሱን የሚመስል ርካሽ ክር ስታገኙ አንድ ቱባ ግዙና ለኩት፤ ዋጋ የሚነጻጸረው በሜትር ነው፣ በቱባ ሲነጻጸር ያታልላል።

«ንጹህ ጥጥ ነው» ሲሏችሁ የጣት ርዝመት የምታህል ክር ጠይቁና ውጪ አውጥታችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይቃጠላል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይቀራል። ደህና ነጋዴ በዚህ አይቆጣም። የሚቆጣ ካለ ቀጣዩ ሱቅ አለ።

ቀይና ጥቁር ክር ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይታሻል። ቀለም ከለቀቀ ተዉት። ነጭ ቀሚስ ላይ የተጠለፈ ቀይ ጥለት መጀመሪያ ሲታጠብ ሮዝ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ፤ የባለቤቷን ፊት ዛሬም አልረሳውም።

ዶቃ ሲሆን ቁጥሩን እወቁ። ቁጥሩ ሲጨምር ዶቃው ያንሳል፤ 11 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 8 ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከረጢቱን ከፍታችሁ አንድ እፍኝ መዳፋችሁ ላይ ዘርግፉ። ቀዳዳቸው የተደፈነ፣ ግማሽ የተሰበሩ ከበዙ፣ ኪሎው ረከሰ ብላችሁ አትደሰቱ፤ ከሲሶው በላይ የምትጥሉት ሊሆን ይችላል።

ዋጋ ሲነገራችሁ ደግሞ «ቫት ጨምሮ ነው?» በሉ። 15 በመቶ መጨረሻ ላይ ሲደመር ስሌታችሁ ሁሉ ይፈርሳል።

ሦስተኛው፦ በስልክና በቴሌግራም አዝዞ በአውቶቡስ ማስላክ

ይህ ሰዉ ሁሉ አሁን የሚወደው ነው። ነጋዴው ፎቶ ይለቃል፣ መርጣችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍላላችሁ፣ ዕቃው ይጫናል፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ ትቀበላላችሁ። የሁለት ሰው ጉዞ ወጪ የለም፤ የጭነቱ ብቻ ነው። በላይኛው ምሳሌ የ15,000 ብሩ ዕቃ በዚህ መንገድ ቢመጣ 4,700 ብር ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ለትንሽ ግዢ በስሌት የሚያሸንፈው ይሄ ነው።

ችግሩ ቀለም ነው። የስልክ ስክሪን ቀለም ላይ አትመኑ። በአንዷ ስልክ ጥቁር ቀይ የሆነው በሌላዋ ስልክ ደማቅ ነው። እኛ አንዴ ለሹራብ ጥቁር ቀይ አዘን የበርበሬ ቀለም መጣልን። አንዴ ደግሞ 11 ቁጥር ዶቃ ብለን 8 ቁጥር መጣ። ነጋዴው ስልክ አንስቷል፣ ይቅርታም ብሏል፣ ግን ለመመለስ የጭነቱን ማን ይክፈል? አሥር ከረጢት ዶቃ አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ ነው ብዬ አላስብም። እኛም «ትንሹን» ብለን ነበር የጻፍነው፤ ቁጥሩን አልጻፍንም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። ከምንፈልገው ክር አንድ ስንዝር ቆርጠን ካርቶን ላይ እንለጥፋለን፣ ሥሩ ቁጥሩ ይጻፋል። እንደዚህ ያለ ካርቶን ሁለት ነው የምንሠራው፤ አንዱ እኛ ጋ ይቀራል፣ አንዱን ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ለነጋዴው ያደርሳል። በስልክ ስናዝዝ «7ኛውን» እንላለን። ሁለታችንም የምናየው አንድ ክር ነው። ከመጫኑ በፊት ደግሞ የማሸጊያው ጽሑፍ በቪዲዮ ይቀረጽልን እንላለን፤ ሎቱ እንዲታይ። ሙሉ ክፍያ ቀድመን አንልክም፤ ግማሹን ቀብድ፣ ቀሪውን የጭነቱን ደረሰኝ ፎቶ ስናይ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀድሞ በአካል ካያችሁት ነጋዴ ጋር ነው። በፎቶ ብቻ ለምታውቁት፣ ዋጋው ከሁሉ ረክሶ ላገኛችሁት፣ «ቶሎ ላኩ፣ ሊያልቅ ነው» ለሚላችሁ ሰው የ14 ሴት ብር አትላኩ። የራሳችሁ ብር ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ የሰው ብር ግን ውሃ ከበላው ጎረቤት ለጎረቤት ዓይን ማየት ያቅታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሩም ዶቃውም አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይሮጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ዋጋ ሲነግራችሁ «የዛሬ ነው» ይላል። ስለዚህ ብር ሳይሰበሰብ ዋጋ አትጠይቁ። ጠይቃችሁ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ብር ስትሰበስቡ ከርማችሁ ስትደውሉ ዋጋው ሌላ ይሆናል፤ እንደገና መሰብሰብ ደግሞ የጨረባ ተዝካር ነው።

አራተኛው፦ እዚሁ ጅማ አከፋፋይ ጋ መስማማት

ብዙዎቻችን ይህን እንረሳዋለን። ነጭ የስፌት ክር፣ ላስቲክ፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ አቡጀዴ፤ እነዚህ ቀለምና ሎት አያስጨንቁም። ጅማ መርካቶ ያለ ነጋዴ ጋ 10 ሆናችሁ ሄዳችሁ «በወር ይህን ያህል እንወስዳለን» ብትሉት ይቀንስላችኋል። እንደ አዲስ አበባ አይቀንስም፤ ግን ጉዞ የለም፣ ጭነት የለም፣ የተበላሸ ካለ በማግስቱ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ጅማ የንግድ ከተማ ናት፤ በአባ ጅፋር ጊዜ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፍበት ነበር። መከራከርና ደንበኛ መያዝ እዚህ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ የተስማማነው ነጋዴ ሦስት ወር ሳናቋርጥ እንደገዛን ሲያይ ራሱ ነው «አዲስ አበባ ስሄድ ምን ላምጣላችሁ?» ያለን። የቀለም ካርቶናችንን ሰጠነው። አሁን ከጉዞው የተወሰነውን እሱ ይሸፍንልናል ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ ምርጫ ጠባብ መሆኑ ነው። ያለው ቀለም ያለው ነው።

ታዲያ የትኛው?

የኔን ልንገራችሁ። ቀለም የሚወስነው ዕቃ፣ ማለትም የጥልፍ ክር፣ የዳንቴል ክርና ዶቃ፣ ብሩ በቂ ሲሆን በራስ ሰው ይገዛ። ቀድሞ የተገዛን ቀለም ለመድገም ወይም ብሩ ትንሽ ከሆነ በስልክ። ቀለም የማያስጨንቀው ሁሉ ከጅማ። አደራ ለመርፌ።

አራትና አምስት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ ከአራተኛው ጀምሩ። በአንድ ጊዜ ወደ መርካቶ አትዝለሉ። መጀመሪያ አብሮ መግዛትን ልመዱ፤ ማን በጊዜ እንደሚከፍል፣ ማን ሐሳቧን እንደምትለውጥ የሚታወቀው በትንሽ ብር ሲሆን ይሻላል።

ብሩን እንዴት ትይዙታላችሁ?

እዚህ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። አንዷ ከኪሷ ገዝታ ከዚያ ይመለስላት፤ ሁሉም ቀድመው ይክፈሉ፤ ወይም በዕቁብ መልክ በየሳምንቱ ይጠራቀም።

የመጀመሪያውን በፍጹም አታድርጉ። አንዲት ጓደኛችን በቅንነት ከራሷ አውጥታ ገዛችልን። ዕቃው ሲመጣ ሁለት ሴቶች «አሁን ብር የለኝም፣ ለጊዜው ልተወው» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ብር አልነበራቸውም። የሷ ብር ግን ማንም የማይፈልገው ብርቱካንማ ክር ሆኖ ቀረ።

ቀድሞ መክፈል ንጹሕ ነው። ዝርዝር ይዘጋል፣ ብር ይገባል፣ ያልከፈለች በዚያ ዙር የለችም። ስም እየጠሩ መለመን ይቀራል። ለምናውቀውም ለማናውቀውም እኩል ነው፤ እኔ ራሴ አንድ ዙር አምልጦኛል።

የዕቃ ዕቁብ ደግሞ በአንድ ጊዜ ማውጣት ለሚከብዳቸው ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጣላል፣ ዕጣ ግን የለም፤ የግዢው ጊዜ ሲደርስ እያንዳንዷ በጣለችው ልክ ታዛለች። ችግሩ ዋጋ እየጨመረ ብር ሲቀመጥ አቅሙ መድከሙ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር በላይ አታጠራቅሙ።

ብሩ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አይቀመጥ። በሁለት ሰው ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ገቢውን የምትመዘግብና የምትገዛ ሰው ደግሞ አንድ አትሁን። ይህ አለመተማመን አይደለም። ገንዘብ ያዧን እራሷን ከወሬ የሚጠብቃት ነው።

በማኅበር መደራጀት ይሻላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ተደራጅቶ መመዝገብ በራሱ ስም ሒሳብ መክፈት፣ ደረሰኝ ማግኘት ያስችላል፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበር፣ ኦዲት ደግሞ ይከተላል። አብራችሁ የምትሸጡ ከሆነ ሂዱበት። ለመግዛት ብቻ ከሆነ ግን አንድ ገጽ የጋራ ደንብና የሁሉም ፊርማ ለእኛ በቅቶናል።

የክፍፍል ቀን

እኛ ክፍፍሉን ቆጪ ሰፈር ካለው ቤቴ ነው የምናደርገው፣ በጠዋት፣ ብርሃን ሳለ። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ማዳበሪያው ይፈታል፣ ቡና ይፈላል። ግን ቡናው ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚቀዳው፤ ይህን ደንብ ያወጣችው እትዬ የምንላት ታላቃችን ናት፤ አንድ ጊዜ ስኒ ነጭ ክር ላይ ከተደፋ በኋላ።

አንዷ ዝርዝሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንዷ ትቆጥራለች፣ ባለቤቷ ትረከባለች፣ ትፈርማለች። ዶቃ በትንሽ ሚዛን ይመዘናል። ሚዛኑ የወጥ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ባዶውን ፌስታል እንመዝንና እንቀንሳለን። ከረጢቱ ላይ 450 ግራም ተብሎ 430 የሚወጣበት ጊዜ አለ። ያኔ ጉድለቱ ለሁሉም ይካፈላል፤ መጨረሻ ላይ የደረሳት ብቻ አትከስርም።

የመንገድ ወጪ እንዴት ይከፈል? ሁለት አማራጭ አለ፣ በሰው እኩል ወይም በገዙት ብር ልክ። እኩል ሲሆን የ500 ብር ክር ያዘዘችዋ የ6,000 ብር ያዘዘችዋን ትኬት ትከፍላለች። ልክ አይደለም። እኛ ቀላቅለነዋል፤ የጉዞው ወጪ በብር ልክ፣ ጭነቱ በያዘው ቦታ። ከላይ በነበረው ምሳሌ 5,040 ለ42,000 ሲካፈል 12 በመቶ ነው። የ3,000 ብር የጥልፍ ክር የገዛች 360 ትከፍላለች፤ ክሯ በአንድ ፌስታል ያልቃል፣ ጭነት ላይ እዚህ ግባ የሚባል የለባትም። የ3,000 ብር የሹራብ ክር የገዛችዋም 360 ትከፍላለች፣ ግን የማዳበሪያውን ሲሶ ስለሞላች 100 ብር ይጨመርባታል። እስካሁን በዚህ የተጣላ የለም።

የሄዱት ሁለቱ ግን ከጉዞ ወጪው ነፃ ናቸው፤ ስለዚህ የሌሎቻችን ድርሻ ከ12 በመቶው ትንሽ ከፍ ይላል። ሦስት ቀን ሥራቸውን ትተው ነው የሄዱት። ይህ ቢያንስ ነው ባይ ነኝ።

ዝናቡን አትርሱ

የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እየጨመረ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ጥጥ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። በኪሎ የሚሸጥ የጥጥ ክር በክረምት ስትገዙ ውሃም አብራችሁ እየመዘናችሁ ሊሆን ይችላል። እርጥበት የያዘ ክር በፌስታል ታስሮ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ነጭ ላይ የወጣ የሻጋታ ነጥብ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ክሩን ከሲሚንቶ ወለል አንሱት፣ በአቡጀዴ ከረጢት አድርጉት፣ ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ቀለሙን ይመጠዋል። ለስድስት ወር የሚሆን ክር በሰኔ መግዛት ለዚህ ነው የማይመከረው፣ ዋጋው ቢረክስም እንኳ።

እኛ በዓመት ሁለት ዙር እንገዛለን። አንዱ በኅዳር ነው። ያኔ ቡና ተለቅሞ በከተማው ብር ይንቀሳቀሳል፣ ደንበኛ ቀብድ ይሰጣል፤ ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ደግሞ ለመሥራት ጊዜ አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን ነጋዴውም ያውቀዋል፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ከሄዳችሁ የጥለት ክር ዋጋው ተሰቅሎ፣ ጥሩው ቀለም አልቆ ነው የምትደርሱት። ሁለተኛው ዙር በየካቲት መጨረሻ ነው፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ለፋሲካ ማግስት ሠርጎች። ለኢድ የሚሠሩ እህቶቻችን ግን ቋሚ ወር የላቸውም፤ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ከእነሱ ጋር ቀን ቆጥረን ከሁለቱ ዙር ወደሚቀርበው እናስገባዋለን፣ ካልቀረበ በስልክ እናዝዝላቸዋለን።

የኅዳሩ ዝርዝር ጥቅምት 20 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ሁሉም የምትፈልገውን ክር ናሙና ይዛ ትመጣለች፤ «ሰማያዊ» ብሎ በቃል ማዘዝ ቀርቷል።

ከየዙሩ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዋና ቀለም ሁለት ቱባ ሳይከፋፈል ይቀመጣል፤ ዋጋው ከሁላችንም በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ ነው። ካርቶኑ እትዬ ቤት ነው ያለው፣ ላዩ ላይ የሎት ቁጥሩና የገባበት ወር ተጽፏል። የጎደለባት ትወስዳለች፣ ከፍላ ትፈርማለች። ባለፈው ሳምንት ለአልጋ ልብስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስደርስ ክሬም ክር አነሰኝ፤ ዝናቡ አባርቶ እስኪያቆም ጠብቄ ሄድኩ፣ አንድ ቱባ ወሰድኩ፣ ማታውኑ ጨረስኩት።